ከሰባተኛው ጉድጓድ በፊት

ፈሪ ውኃ ውስጥ ያልበዋል ይባላል። ምንትዋብን ግን ያላባት ውኃ ውስጥ ሳይሆን ቱነልባና በሚሉት የስዊድን የምድር ውስጥ ባቡር ነው፤ ያውም ቀዝቃዛ በሆነ የግንቦት ቅዳሜ ጠዋት። ከሃግሴትራ ጣቢያ ጀምሮ አጠገቧ የተቀመጡት ስዊድናዊት አሮጊት ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። እሷ መሐረቧን አውጥታ ግንባሯን ትጠርጋለች፤ ትመልሰዋለች፤ ደግማ ታወጣዋለች። አሮጊቷ በዓይናቸው ጥግ አይተዋት ትንሽ ፈቀቅ አሉ። የያዛት ጉንፋን ሳይመስላቸው አልቀረም።

የምትሄደው ወደ ጎልፍ ሜዳ ነው። የሚወዳት ሰው ከወላጆቹ ጋር ሊያስተዋውቃት ቀጥሯታል። ሌላ ሴት ብትሆን ሳምንቱን ሙሉ ቀሚስ ስትመርጥ፣ ጸጉሯን ስትሠራ በሰነበተች። ምንትዋብ ግን ከረቡዕ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም።

ነገሩ የተበላሸው ረቡዕ ነው። ከፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ሥራዋን ጨርሳ፣ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ አዲስ አበባ ላሉት አባቷ ለአቶ ከፍያለው ደወለች። "አባዬ፣ የምወደው ሰው አለ" አለች፤ ሁለት ዓመት የደበቀችውን በአንድ ትንፋሽ። ክርስቲያን እንደሚባል፣ እዚሁ ስዊድን ተወልዶ እንዳደገ፣ የመናፈሻና የሜዳ ንድፍ ባለሙያ እንደሆነ ነገረቻቸው። በረዶ ባቡር ያስቀረ ዕለት ጣቢያው ላይ ስትንቀጠቀጥ አይቶ የገዛ ጓንቱን አውልቆ እንደሰጣት፣ ከዚያ ወዲያ ጓንቱን መልሳለት እሱን እንዳስቀረች ስትነግራቸው አባቷ ሳቁ። መረቁ። ከዚያ አባት የሆነ ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቁ።

"የማን ልጅ ነው?"

"አባቱ ኢንጂነር ወልደማርያም ይባላሉ። እናቱ ወይዘሮ ብርቅአየሁ ዕንባቆም።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሏት "ሃሎ? አባዬ?" እያለች ቆየች።

"የግራዝማች ዕንባቆም ልጅ?" አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆኖ። "ልጄ፣ እትዬ ብርቅአየሁ እኮ ክርስትና ያነሱሽ ናቸው!"

የምንትዋብ እናት ልደታ በግራዝማች ዕንባቆም ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ አባቷ ደግሞ የዚያው ግቢ ዘበኛ። የቤቱ ልጅ ብርቅአየሁ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ተሰዳ፣ መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለጥየቃ ብቅ ስትል የሠራተኛዋን አራስ አይታ ወደደቻት። "ስሟንም እኔ ነኝ የማወጣላት፣ ክርስትናም እኔ ነኝ የማነሳት" አለች። ምንትዋብ የሚለው ስም የመጣው ከእሷ አፍ ነው። ልደታ ልጇ አፏን ሳትፈታ ሞተች፤ የክርስትና እናቲቱም ውጭ አገር እንዳለች ቀረች። ሕፃኗ ያደገችው "የክርስትና እናትሽ ፈረንጅ አገር ናት" ሲባል እየሰማች ነው። ፈረንጅ አገር ሰፊ ነው፤ የትኛው እንደሆነም፣ ከ"እትዬ" ያለፈ ስሟንም ጠይቃ አታውቅም።

"ወንድምሽ ነው" አሉ አባቷ፣ እያለቀሱ። "የክርስትና እናት ልጅ ከማሕፀን ወንድም በምን ያንሳል? ሳይረፍድ ተዪው። አበልጄን እንዴት ብዬ ዓይናቸውን አያለሁ?"

ማምሻውን የክርስትናዋን ዕለት ፎቶ በቴሌግራም ላኩላት። የግቢው በር ወለል ብሏል። ነጭ በነጭ የለበሱ ወጣት ሴት ቆመዋል፤ በክንዳቸው ላይ በነጠላ የተጠቀለለች የሰማንያ ቀን ሕፃን። የሴትየዋ ዓይን የክርስቲያን ዓይን ነው። ምንትዋብ ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረችው፤ እዚያም ሆኖ ያያት መሰላት።

ሐሙስ ልትነግረው ነበር። ዓርብም። ሁለቱንም ቀን ስልኩን አንስታ ድምፁን ስትሰማ ስለ አየሩ አውርታ ዘጋችው። "ወላጆቹ ፊት ሳልቀርብ፣ መኪና ውስጥ እነግረዋለሁ" ብላ ነው ዛሬ የተነሳችው። ምንትዋብ እውነቱን ከነገረችው በኋላ ምን እንደምትሆን ግን አላሰበችም። ማሰቡ ራሱ ያስፈራታል።

ክርስቲያን መኪናውን አቁሞ መጨረሻው ጣቢያ ላይ ይጠብቃታል። ረጅም ነው፤ ሲስቅ ትከሻው አብሮ ይስቃል።

"ሚንቱ! አሶ፣ በጣም ታምሪያለሽ። ግን ፊትሽ... ደሙ የት ሄደ?"

አማርኛው እንዲህ ነው፤ ስዊድንኛ ጣል ጣል ይደረግበታል። ልጅ ሳለ እናቱ በአማርኛ ሲያናግሩት በስዊድንኛ ይመልስ ነበር፤ ምንትዋብን ካገኘ በኋላ ነው ከጓዳ እንደተረሳ ዕቃ አቧራውን አራግፎ ያወጣው።

"ክርስቲያን፣ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ልነግርህ..."

"እኔም አለኝ!" አለና ጣቱን ከንፈሯ ላይ አደረገ። "አሁን አይደለም። እዚያ። በሰባተኛው ጉድጓድ።"

ጣቱ ሞቃት ነበር። ምንትዋብ ዓይኗን ጨፈነች። ወንድምሽ ነው የሚለው የአባቷ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ጮኸ፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ክርስቲያን ወላጆቹን ፈርታ መስሎት እጇን ጨበጥ አደረገ። እሷ ግን የምትፈራው ያንኑ እጅ ነበር።

*

ኤክቪከን የተባለው የጎልፍ ክለብ ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቅ ዳር ነው። መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። የነደፈው በዘመኑ ስሙ ባሕር የተሻገረ አንድ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ ከእሱ በኋላ የመጡት ግን የአሸዋ ጉድጓዱን እየደፈኑ፣ ዛፍ እየተከሉ መልኩን አጥፍተውት ኖረዋል። ክርስቲያን ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሁለት ዓመት የደከመው ሰባተኛው ጉድጓድ የሚባለውን የሰውየውን ሜዳ እንደጥንቱ ለመመለስ ነው። ዛሬ ይከፈታል።

በረንዳው ላይ ኢንጂነር ወልደማርያም ከሩቅ እጃቸውን እያወዛወዙ ተቀበሏቸው። ባለ ዳማ ሱሪ፣ ነጭ ቆብ፣ በአንድ እጃቸው ብቻ ጓንት። ስደተኛ ሆነው መጥተው ሰሐን አጥበዋል፤ ሌሊት ተምረው ሶደርተልየ የጭነት መኪና ፋብሪካ ውስጥ መሐንዲስ ሆነዋል፤ ጡረታ ሲወጡ ደግሞ "ጎረቤቴ ላርሽ ከቻለ እኔ ምን ይሳነኛል" ብለው ጎልፍ ጀምረዋል። እስከ ዛሬ ላርሽን አሸንፈውት ባያውቁም።

"እሰይ! እሰይ! ይህቺ ናት ሚንቱ? ክርስቲያን፣ እንዲህ ያለ ቁም ነገር አለህ ለካ!"

ምንትዋብ ጎንበስ ብላ ጨበጠቻቸው። ቀና ስትል ከኋላቸው የተቀመጡትን አየች። ጸጉራቸው ሸብቷል፤ ፊታቸው ቀጥኗል፤ ዓይናቸው ግን ያው የፎቶው ዓይን ነው።

"ደህና ነሽ የኔ ልጅ?" ወይዘሮ ብርቅአየሁ ተነሥተው ጉንጯን ሳሟት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ግን አልለቀቋትም። ሁለት ትከሻዋን ይዘው አዩዋት። "እኔ አንቺን የት ነው የማውቅሽ?"

"አያውቁኝም፣ እማማ።"

"ቤተ ክርስቲያን ይሆን?"

"ይሆናል" አለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ወንበር ፈለገች።

ፊካ የሚሉት የስዊድኖቹ ቡና ከነቁርሱ ቀረበ። ቀረፋ የተነሰነሰበትን ዳቦ ቆርሳ አፏ ውስጥ አስቀመጠችው እንጂ አልዋጠችውም። ኢንጂነሩ ስለ ኳስ፣ ስለ ንፋስ፣ ስለ ላርሽ ያወራሉ። ወይዘሮ ብርቅአየሁ አያወሩም፤ ያዩዋታል። ስኒዋን ስታነሳ እጇን ያዩዋታል፤ ስታስቀምጥ አንገቷን ያዩዋታል። ምንትዋብ ነጠላ ቢኖራት ኖሮ ተሸፋፍና በተቀመጠች ነበር።

"ሚንቱ የምን ቁልምጫ ነው?" አሉ ኢንጂነሩ በድንገት። "ይሄ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ሚንቱ፣ ሚንቱ ይለናል። ሙሉ ስምሽን አልነገረንም።"

ምንትዋብ የሚል ስም እንደ ሠናይት፣ እንደ አልማዝ በየመንደሩ አይገኝም። ስሟን ካወጡት ሴትዮ ፊት ተቀምጣ ስሟን ልትናገር ነው። ክርስቲያን ፈገግ ብሎ፣ በስሟ እየኮራ፣ አፉን ከፈተ።

"ሄር ወልደማርያም!" አለ ከታች አንድ ድምፅ። ተራ አስከባሪው ነው፤ የመጫወቻ ሰዓታቸው ደርሷል።

ኢንጂነሩ ዘለው ተነሡ። "ጎልፍ እንደ ቅዳሴ ነው፤ ቆሞ አይጠብቅሽም! በሉ፣ ሰባተኛው ላይ እንገናኝ!"

ምንትዋብ ተነፈሰች። ሆኖም እስትንፋሷን ሳትጨርሰው የወይዘሮ ብርቅአየሁን ዓይን አገኘችው። ዓይናቸው አሁንም ጥያቄውን አልተወም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሏት ነበር አባቷ፤ ዛሬ ተረቱ ስሟን እየጠራ የሚከተላት መሰላት።

*

ሰባተኛው ሜዳ የሚጀመረው ከአንድ ጉብታ አናት ላይ ነው። ሁለቱ ቀድመው ወጡ። ወይዘሮ ብርቅአየሁ ጉልበታቸውን እያሳረፉ ከኋላ ቀስ ብለው ይመጣሉ። ሜዳው ዝም ብሏል፤ እንዲህ ያለ ዝምታ ምንትዋብ የምታውቀው ከቀብር በኋላ ነው።

"ወደ ታች እዪ" አለ ክርስቲያን። "ምን ይታይሻል?"

ታች በሩቁ፣ ልስልስ ያለ ሣር ላይ ቀይ ባንዲራ ተተክሏል። ከባንዲራው ሥር ደግሞ መሬቱ አፉን ከፍቷል፤ ሰው የሚውጥ የሚያህል የአሸዋ ጉድጓድ።

"ጉድጓድ።"

"ከባንዲራው ምን ያህል ይርቃል?"

"ምን ይርቃል? ተጣብቆ የለም እንዴ! ትንሽ የሳተ ሰው ጉዱ ነው።"

ክርስቲያን እንደ ሕፃን ፈነጠዘ። "ፕሪሲስ! ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። እንግሊዛዊው ሰውዬ በጣም ተንኮለኛ ነበር። ስንደርስ ታያለሽ።" ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ፤ ሁለት እጇን ያዘ። "ሚንቱ፣ ፓፓ ሽማግሌ አግኝቷል። ከቤተ ክርስቲያን ሁለት አባቶች። በወጉ ለአባትሽ ይደውላሉ። እኔ ያንቺን ወግ ሁሉ ላውቀው እፈልጋለሁ። የአባትሽን ቁጥር ብቻ ስጪኝ።"

ስንት ሌሊት የጸለየችበት ቃል ነበር! ዛሬ እንደ ፍርድ ሆኖ ወረደባት።

"አይሆንም" አለች።

"ምኑ?"

"ሽማግሌው። እኔና አንተ። አይሆንም፣ ክርስቲያን። አባቴ ጋ እንዳይደወል። እባክህ።"

ፊቱ ላይ ያለው ደስታ ወዲያው አልጠፋም፤ እዚያው እንዳለ ግራ ተጋባ። "አባትሽ ዘበኛ ስለነበረ ነው? ከድሮ ነግረሽኛል። ለእኔ ምንም አይደለም። ለእማዬም ምንም አይደለም።"

"እሱ አይደለም።"

"ታዲያ እኔ ነኝ? ሐበሻ ያልሆንኩ ሐበሻ ነኝ አይደል? አማርኛዬ ያሳፍርሻል?" ድምፁ ተሰበረ። "ሌላ ሰው አለ?"

"የለም! እግዚአብሔርን፣ የለም!"

"እሺ አልወድህም በይኝ። ዓይኔን አይተሽ በይኝና እሄዳለሁ።"

ዓይኑን አየችው። የእናቱን ዓይን። ምነው አልወድህም ማለት በቻለች! ምነው ያን ጓንት ያን ዕለት ባልተቀበለችው! እጇን መንጭቃ ቁልቁል ሮጠች። ወዴት እንደምትሮጥ አላወቀችም፤ ከእሱ ብቻ፣ ከምትወደው ሰው ብቻ ሽሽት። ከኋላዋ ስሟን ሲጣራ ሰማች። ሚንቱ አላለም። በፍርሃት፣ ሙሉ ስሟን ነበር የጮኸው፤ "ምንትዋብ!"

ጉብታው ወገብ ላይ የደረሱት ወይዘሮ ብርቅአየሁ ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

*

የአሸዋው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ስትደርስ ጫማዋ አዳለጣት። ወረደች፤ ወደቀች፤ አሸዋውን በእጇና በጉልበቷ ወጥታ በወዲያኛው ከንፈሩ ተሻገረች። አሁን ባንዲራው ሥር፣ ተጫዋቾች መሐል እወድቃለሁ ብላ ፊቷን ሸፈነች።

ማንም አልነበረም። ባንዲራውም አልነበረም። ባንዲራው ገና ሩቅ ነው፤ በእሱና በአሸዋው መካከል ከላይ ጨርሶ የማይታይ ሰፊ የሣር ረባዳ ተኝቷል። ምንትዋብ እዚያ ተቀመጠችና ከረቡዕ ጀምሮ የያዘችውን ለቅሶ ለቀቀችው።

ምን ያህል እንደቆየች አላወቀችም። ወይዘሮ ብርቅአየሁ ጉድጓዱን በዳር በኩል ዞረው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ።

"ልጄን እዚያው ቁም ብዬዋለሁ" አሉ እያለከለኩ። "ስምሽ ማን ነው?"

መሸሻ አልነበራትም። "ምንትዋብ ከፍያለው" አለች።

ወይዘሮ ብርቅአየሁ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። የተቀመጡም አይመስሉም፤ የወደቁ ይመስላሉ። "የልደታ ልጅ" አሉ። እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ዳሰሱ። "የልደታን አንገት ነው ሳይ የዋልኩት! እኔ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን እላለሁ። እናትሽ ስትሞት መምጣት ነበረብኝ። አልመጣሁም።"

"ይቅር ይበሉኝ" ምንትዋብ ተንበረከከች። "አላወቅኩም ነበር፣ በሚካኤል! አባቴ ረቡዕ ዕለት ነው የነገረኝ። እሄዳለሁ፤ ከተማውንም እለቃለሁ። ለእሱ ግን አይንገሩት። የክርስትና እህቱን እንደወደደ አይወቅ። ኃጢአቱ የኔ ብቻ ይሁን።"

ወይዘሮ ብርቅአየሁ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ምንትዋብ የመጨረሻዋን ተስፋ ቀበረች። ኡኡ! የሚል ጩኸት ጠበቀች፤ እርግማን ጠበቀች። ሴትዮዋ ግን ያደረጉት ሌላ ነው። ቀና ብለው ወደ ጉብታው አዩ። ወደ ባንዲራው አዩ። እንደ ሌባ ግራና ቀኝ ተገላመጡ።

"እዚህ ወንድ የለም አይደል?" አሉ በሹክሹክታ።

"የ... የለም።"

"ወደዚህ ቅረቢ።" ጉንጫቸው ቀልቷል፤ በዚያ ዕድሜያቸው እንደ ልጃገረድ። "ያን ዕለት ሌሊት ነው የተነሣነው፤ እናትሽ፣ አንቺ፣ እኔና ትርሓስ የምትባል ጎረቤታችሁ። አባትሽ ግቢውን ለማን ይተወው? ቀረ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ..." አቆሙ። ነጠላ እንደለበሱ ሁሉ አንገታቸው ላይ ያለውን ሻርፕ አፋቸው ላይ ሳቡት። "ልማዴ መጣብኝ።"

ምንትዋብ አልገባትም። ከዚያ ገባት፤ ግን ልታምነው አልደፈረችም።

"እንዴት ብዬ እገባለሁ? ቅጽሩን ማለፍ አልችልም። ካህናቱ ተሰልፈዋል፤ እናትሽ 'እትዬ ጉድ ሆንኩ' ብላ አለቀሰች። ትርሓስን 'በይ አንቺ ተቀበያት' አልኳት። ክርስትና ያነሳችሽ ትርሓስ ናት። እኔ ከደጀ ሰላሙ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው እልልታውን የሰማሁት። ስትወጡ ተቀብዬ ታቀፍኩሽ፤ ግቢ ስንደርስ አባትሽ በሩን ከፈተ፣ ፎቶውም ተነሣ። ለወንድ ምን ብለን እንንገረው? እናትሽ 'ለስሙ እርስዎ ይሁኑልኝ፣ ደስ ይለኛል' አለችኝ። እኔም በሳምንቱ ተመለስኩ። ትርሓስም ብዙ ሳትቆይ ወደ አገሯ ገባች። ነገሩ በዚያው ተዳፍኖ ቀረ።"

ምንትዋብ ቀና ብላ አየቻቸው። ደስታ አልነበረም ገና፤ ደስታ እንዲህ በአንዴ አይመጣም። "ለእኔ አዝነው እየዋሹልኝ እንዳይሆን" አለች።

"እኔ?" የወይዘሮ ብርቅአየሁ ዓይን ተቆጣ። "ለአንቺ ባዝን የገዛ ልጄን ነፍስ ሸጬ ነው የማዝንልሽ? ትርሓስ መቀሌ አለች፤ ለፋሲካ ደውዬላት 'ያቺ ልጅሽስ?' እላታለሁ፤ 'የት አውቄላት' ትለኛለች። አሁን ልደውልልሽ፤ ከአፏ ትሰሚያለሽ። ለንስሐ አባቴም እኔው ራሴ እናገራለሁ፤ እሳቸው ወንድም ቢሆኑ ካህን ናቸው።" ከዚያ ድምፃቸው ለሰለሰ። "የክርስትና ልጄ አይደለሽም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ያን ባስታወስኩ ቁጥር ሲከፋኝ ኖሬያለሁ። ዛሬ ተመስገን አልኩ።"

ምንትዋብ ግንባሯን ጉልበታቸው ላይ ጣለች። ወይዘሮ ብርቅአየሁ ጸጉሯ ውስጥ የገባውን አሸዋ በጣታቸው ይለቅማሉ።

"ይሄ ሁሉ ሜዳ ከላይ አይታይም ነበር" አለች ምንትዋብ፣ እንባዋን እየጠረገች።

"ሁለት ዓመት ሙሉ እራት ላይ የሚነግረን ይሄንኑ ነው" አሉ ወይዘሮ ብርቅአየሁ ዙሪያውን እያዩ። "አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም።"

*

ክርስቲያን ቁም የተባለበት ቦታ አልቆመም፤ ጉድጓዱ አፋፍ ድረስ ወርዷል። ሁለቱ ተደጋግፈው ሲወጡ ፊቱ እንደ አሸዋው ነጥቷል።

"ምን ሆናችሁ? እማዬ? ምን አልሻት?"

"የሴት ነገር ነው" አሉ እናቱ።

"ግን እኔን አይመለከትም?"

"ይመለከትሃል። ግን አይነገርህም።"

ክርስቲያን ወደ ምንትዋብ ዞረ። አልለመናትም፤ ዝም ብሎ ጠበቃት። ያን ጊዜ ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ሳትሸሽ አየችው። የእናቱ ዓይን ነው፤ ቢሆንስ? ያምራል።

"እወድሃለሁ" አለች። "ፈርቼ ነበር። ሌላውን አንድ ቀን እነግርሃለሁ።"

"እና ቁጥሩ?"

መልስ ሳትሰጥ አንድ ኳስ በአየር ላይ እያፏጨ መጥቶ አሸዋው ውስጥ ተቀበረ። ከጉብታው ላይ ኢንጂነሩ "ኳሷ ገባች እንዴ? ባንዲራው ጋ ደረሰች?" እያሉ ይጮሃሉ። ማንም እውነቱን ሊነግራቸው አልጨከነም።

ወይዘሮ ብርቅአየሁ እጃቸውን ዘረጉ። "ለአባትሽ ደውዪና ስልኩን ስጪኝ። ሽማግሌዎቹ በወጉ ይደውሉ፤ እሱ የነሱ ነው። እኔ ግን ያን ሰው አንድ ሰዓት እንኳ በዚህ ጭንቀት አላቆየውም።"

ምንትዋብ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍታ ሰጠቻቸው፤ አንዴ ጠርቶ ተነሣ። አባቷ አጠገባቸው ይዘውት ነበር ማለት ነው።

"ምንትዬ? ነገርሽው ልጄ?" የአቶ ከፍያለው ድምፅ ታሞ የሰነበተ ሰው ድምፅ ነበር።

"አቶ ከፍያለው፣ እኔ ነኝ። ብርቅአየሁ።"

ከወዲያ በኩል ወንበር ሲወድቅ ተሰማ። "እትዬ! እትዬ፣ አበልጄ! ልጅቷ ሳታውቅ ነው፤ ይቅር ይበሏት፤ ቢቀጡም እኔን..."

"ቆይ፣ ቆይ። አበልጅ አይደለንም።" ወይዘሮ ብርቅአየሁ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ጥቂት እርምጃ ራቁ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ ለወንድ ያልነገሩትን ተናገሩ። ክርስቲያን ጆሮውን ሊያቀና ሲል ምንትዋብ በሁለት እጇ ደፈነችው። ሲመለሱ አንገታቸው ድረስ ቀልተው ነበር።

"ሰሙኝ፣ አቶ ከፍያለው?"

"ሰምቻለሁ፣ እትዬ" አለ ድምፁ፣ በጣም ቀስ ብሎ። "እውነት ነው?"

"እውነት ነው። ቆመው ነው የሚያናግሩኝ?"

"እንዴ! ተቀምጬ ኖሮ ነው? ከልጅነቴ ጀምሮ እርስዎን ተቀምጬ አናግሬ አላውቅም።"

ለወይዘሮ ብርቅአየሁ የአባታቸው ግቢ፣ ትልቁ በር፣ ክላክስ ሲሰማ ከዝናብም ከፀሐይም እየሮጠ የሚከፍት ሰው ሳይታያቸው አልቀረም። ስሙን ያለ አቶ ሲጠሩት የኖሩት ሰው።

"ይቀመጡ" አሏቸው። "ሽማግሌ ነው ጉዳዩን ሳይፈጽም የማይቀመጠው። ዛሬ ደጅ የቆምነው እኛ ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ። ልጅዎን ፈልገን መጥተናል። በሩን ይክፈቱልን።"

ከአዲስ አበባ በኩል የመጣው የአቶ ከፍያለው ሳግ ነበር፤ ከሳጉም መሐል ወንበሩ ተነሥቶ ሲቃና፣ ሰውም ሲቀመጥበት ተሰማ። ክርስቲያን የተባለው ሁሉ ባይገባውም ያ ድምፅ ገባውና የምንትዋብን እጅ ያዘ። አልነጠቀችውም።

ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

"አባዬ" አለች፤ "ክፈትላቸው።"